ጋቢ ለብሳ ሠርግ የሄደችው ፍየል

ሞኝነቴን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በጥር ወር ወደ ካሊፎርኒያ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው አምስት አጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ አንድ የፀሐይ መነጽርና ነጠላ ጫማ ነው። ጃኬት የሚባል ነገር የለም። "እዚያ ብርድ የለም" ብሎ ያረጋገጠልኝ ከሱቄ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ደግሞ ከኮምቦልቻ ርቆ የሄደው ደሴ ድረስ ነው፤ ያውም ለጥርስ ሕመም።

ባለቤቴ ሉባባ ግን "ጃኬት ያዝ" ብላኝ ነበር።

"አገሩን የማላውቀው መሰለሽ?"

"አታውቀውም" አለችኝ።

እሷ የሰጠችኝ ሌላ ዕቃ ነው። የአክስቴ ልጅ ጀማል ትልቋን ልጁን ሐያትን ሊድር ነው የጠራኝ፤ ሉባባ ደግሞ ለሙሽራዋ ብላ ዓመት ሙሉ ፈትላ፣ ሸማኔ ዘንድ እየተመላለሰች ያሠራችው ጋቢ አለ። ለብቻው በፌስታል ጠቅልላ አስረከበችኝ። "ሙሽራዋ ትከሻ ላይ እስኪያርፍ ድረስ አትለብሰው፣ አታበድረው፣ አትቀመጥበት" አለችኝ። እሺ አልኩ። ልብ በሉልኝ፣ ስለ ፍየል የተባለ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን አውሮፕላን ላይ አለቀ። ቀኑ አንድ ይሁን ሁለት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሁለት ጊዜ ቁርስ በልቼ አንድም ጊዜ አልነጋም። ሳን ፍራንሲስኮ ስንወርድ ጀማል በሩ ላይ ቆሟል። ሃያ ዓመት ካልተያየን ሰው ጋር መጀመሪያ የሚባለው ሰላምታ ነው። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

"ሰይዶ፣ ልብስህ የት አለ?" አለኝ።

"ለብሼዋለሁ።"

"ወላሂ ትሞታለህ" አለና የራሱን ጃኬት አወለቀልኝ። ጀማል ቀጭን ነው። እኔ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ጃኬቱ እጄን አስገብቶ ሆዴን ውጭ ተወው።

ዝናቡን ልንገራችሁ። የእኛ ዝናብ ሰው ያከብራል፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በረዶም ከጣለ ይጥልና ይሄዳል። የእነሱ ከጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላ ገልብጦ፣ በአንገት ገብቶ፣ በካልሲ ይወጣል። ኦክላንድ እስክንደርስ መንገዱ ላይ የወደቀ ዛፍ ሦስት ቆጠርኩ። ጀማል "ስቶርም ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው" አለኝ፤ ልክ እኔ በጋ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ይጠብቅ እንደነበር ሁሉ ቅር ብሎት።

ቤት ስንገባ የጀማል ባለቤት ዘይነባ ሩዙን በሥጋ፣ ሰላጣውን፣ ሳምቡሳውን ደርድራ ትጠብቀናለች። የመጀመሪያዋን ሳምቡሳ ስነክስ መብራት ሄደ። ኧረ እንዴት ያለ ድንጋጤ። ዘይነባ "ስቶቩ" ትላለች፣ ጀማል "የጋራዡ በር" ይላል፣ ሐያት ከላይ ፎቅ "ዋይ ፋዩ" ትላለች። ሻማ የላቸውም። ክብሪት የላቸውም። የስልኬን መብራት አብርቼ የውሃ ፕላስቲክ ላዩ ላይ አቆምኩበትና ሳሎኑ ወለል አለ።

"ማሻአላህ፣ ይህን የት ተማርከው?" አለች ዘይነባ።

ሠላሳ ዓመት የሠለጠንኩበት ሙያ ነው አልኳት። ያን ማታ አሜሪካን እኔ ነበርኩ የማስተዳድራት።

በማግሥቱ ጀማል ሥራ ይዞኝ ወጣ። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴነር የሚያመላልስ የራሱ ትራክ አለው። ወደቡ በንፋሱ ምክንያት ተዘግቷል፤ እሱ ግን ከትናንት ያደረ አንድ ሎድ ዳብሊን ወደሚባል ከተማ ማድረስ ነበረበት። ከቤት ስንወጣ ብርዱን አየሁት፣ ያችን ሆድ የማትሸፍን ጃኬት አየኋት፣ ከዚያ ፌስታሉን አየሁት። ጉልበቴ ላይ ብቻ ጣል ላድርገው ብዬ ጋቢውን ይዤ ወጣሁ። ሉባባ "አትለብሰው" ነው ያለችው። ጉልበት ላይ መጣል መልበስ አይባልም። እንዲህ ነው ሰው ቀስ በቀስ የሚበላሸው።

ዳብሊን ላይ ኮንቴነሩን አራግፈን በባዶ የመኪናው ጭንቅላት ስንመለስ ፍሪዌዩ ውሃ ሞልቶት ተዘግቷል፤ በኮረብታው መንገድ ዞርን። አገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በጥር ኮረብታው ሁሉ የእኛን ነሐሴ ይመስላል፣ አረንጓዴ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ በረዶው ደግሞ መስታወቱን እንደ ጠጠር ይደበድበዋል። ከመንገዱ ጠርዝ፣ ቦይ ውስጥ፣ ሽቦ አጥሩ ላይ ነጭ ፌስታል ተጠምጥሞ አየሁ። ቀጥሎ ፌስታሉ ጆሮውን አነቃነቀ።

"ጀማል፣ ቁም። ፍየል ናት።"

አቆመና አየ። አንድ ጆሮዋ ጥቁር፣ ሌላው ገላዋ ነጭ፣ ውሃው ሆዷ ድረስ ደርሷል። አትጮህም። የምትንቀጠቀጠው እኛ ድረስ ይታያል።

"አኒማል ኮንትሮል ኮል ላድርግ፣ እንስሳ የሚያነሱት እነሱ ናቸው" አለ ጀማል።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ሞኝነት የተናገርኩት። "ምን ኮል ያስፈልጋል? እኔ ፍየል አውቃለሁ። የወሎ ልጅ አይደለሁ እንዴ?"

እውነቱን ለእናንተ ልንገር። ስለ ፍሬን ሸራ ጠይቁኝ፣ ስለ ካንዴላ ጠይቁኝ። ስለ ፍየል የማውቀው ዋጋዋን ነው። በየዓመቱ ለአረፋ እገዛለሁ፣ ጠዋት ቢላው ሲወጣ "ከሰል ላምጣ" ብዬ ከቤት እጠፋለሁ። ደም አልችልም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የአረፋ ከሰላችን እስከ ሚያዝያ ይተርፋል።

ወረድኩ። በመጀመሪያው እርምጃ በቂጤ ተንሸራትቼ እሷ አጠገብ ደረስኩ፣ ይህ ሆን ብዬ ነው አልኩ። ቀንዷን ስይዝ ሆዴን ረገጠችኝ፤ ጃኬቱ እዚያ ቢደርስ ኖሮ ይሻል ነበር። ጀማል ፒንሳ ይዞ መጣና ሽቦውን ቆርጦ እግሯን አስለቀቃት። ከዚያ በኋላ ግን መርገጥ ተወች። ጉልበቷ ታጠፈ፣ አንገቷ ክንዴ ላይ ወደቀ፣ ዓይኗ ግማሽ ተከደነ።

"ልትሞት ነው ሰይዶ" አለ ጀማል።

ተሸክመን መኪናው ውስጥ፣ በሁለታችን መሐል አስገባናት። ጀማል ሂተሩን እስከ መጨረሻ ለቀቀው። የሚጠርጋት ጨርቅ ፈለግን፣ ያለው የዘይት ጨርቅ ነው። ጋቢው እግሬ ሥር ወድቆ ያየኛል። እኔም አየሁት። ሉባባ በዓይነ ሕሊናዬ መጣች፣ እንዝርቷን እንደያዘች። ፍየሏ አንዴ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰች።

ቢስሚላህ ብዬ ጠቀለልኳት። ጆሮዋን ጭምር፣ ራሷን ጭምር፣ እንደ አራስ ልጅ። ጆሮዋ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ተሰክቷል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ ጀማል።

"የክትባት ምልክት ነው" አልኩት ሳላመነታ። ፍየል አዋቂ ነኝ ካልኩ ምን ልበል? ከላዩ በጋቢው ሸፍኜ ቋጠርኩት።

መንገድ ዳር ቆመን ስንጠብቅ የመኪናው ውስጥ እንደ ሐማም ሞቀ። ጠረኑን አልነግራችሁም። ጀማል ቆይቶ ቆይቶ ይነካታል፣ እኔ ቆይቼ ቆይቼ አፍንጫዋ ላይ እጄን አደርጋለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና "ምእ" አለች። ጀማል፣ ስልሳ የሚጠጋ የትራክ ሾፌር፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ዝናቡ ዓይኔ ገባ" አለኝ። መስኮቱ ዝግ ነው።

በደስታ ሰከርኩና ፎቶዋን አንስቼ ለሉባባ ላክሁላት። ነፍስ አዳንኩ ልል ነው። መልሷ ወዲያው መጣ፣ ሁለት ቃል፦ "ጋቢው ነው?"

ኔትወርክ ጠፋ። ማለት እኔ አጠፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ፍየሏ የጀማል ጋራዥ ውስጥ ናት፣ መብራቱም እንደጠፋ ነው። ጀማል ጠዋት ሙሉ የጠፉ እንስሳት ወደሚቀበሉበት ቦታ ኮል ሲያደርግ ዋለ፤ የሚያነሳው ማሽን ነው፣ ማሽኑም "በስቶርሙ ምክንያት ዘግተናል" ይላል።

"ሊዛችን ላይ ኖ ፔት ይላል፤ እንስሳ ይዞ መከራየት አይቻልም" አለች ዘይነባ።

"ፍየል ፔት አይደለችም" አልኳት። "ፍየል ፍየል ናት።"

ከጎን ያለችው ጎረቤት፣ ሚስ ሩት የሚሏት ሸምገል ያለች ሴትዮ፣ ድምፅ ሰምታ መጣች። ሰው ይከሰናል ብለን ስንፈራ ትንሽ ቆይታ አንድ ባልዲ አጃ፣ የሞቀ ውሃ የሚሞላበት ላስቲክና የሟች ባሏን ወፍራም ካፖርት ይዛ ተመለሰች። አጃው ለፍየሏ፣ ላስቲኩ ለፍየሏ፣ ካፖርቱ ለኔ። "ሃኒ፣ ከሁለታችሁ የባሰ የበረደህ አንተ ነህ" አለችኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ኖሬ አንድ ቁልፍ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ሰጠኝ ከተባለ ያ የአየር ትንበያው ነው።

ሐያት ወርዳ ፍየሏን አቅፋ ተቀመጠች። ልጅቷ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። "ካን ሺ ካም ቱ ማይ ዌዲንግ?" አለች፤ ሠርጌ ላይ ትምጣ ነው የምትለው። ሁላችንም ሳቅን። ያ ጥያቄ እንዳልነበረ የገባን በማግሥቱ ነው።

ፍየሏ በበኩሏ ከሰዓት በኋላ ቆመች፣ ጋራዡን ዞረች፣ የዘይነባን ቦርሳ ከፍታ የእንግዶቹን የመቀመጫ ዝርዝር በላች። ሦስት ገጽ።

"እንግዲህ ማን የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት" አለች ዘይነባ። "ነገ መውሰዳችን ነው።"

እውነትም ሌላ ምርጫ አልነበረም። ጋራዡ ማፍሰስ ጀምሯል፣ ብርዱ እንዳለ ነው፣ ሁላችንም ሳን ሆዜ ልንሄድ ነው። ሠርጉ የሙሽራው ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ፣ ድንኳን ተጥሎ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቫኑ ውስጥ ከፊት ጀማልና እኔ፣ ከመሐል ዘይነባና ሙሽራዋ፣ ከኋላ ኬኩና ፍየሏ ሆነን ተነሣን። በኬኩና በፍየሏ መሐል የሚስ ሩትን ካፖርት ጋረድን። መንገድ ላይ የሚያልፈን መኪና ሁሉ ይስቅልናል፣ እኛም እጃችንን እናውለበልባለን። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

ሳቁ በር ላይ ቆመ። አማቾቹ በሰልፍ ወጥተው ይጠብቁናል። የቫኑ የኋላ በር ተከፈተ፣ ነጭ ፍየል በነጭ ጋቢ ተጠቅልላ ብቅ አለች። ከዚያ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

"ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አለ የሙሽራው አጎት፣ ገመዱን ከእጄ እየተቀበለ። "እዚህ አገር ሁሉ ሰው የታሸገ ሥጋ ይዞ ይመጣል። የኦክላንድ ሰዎች ግን በእግሯ፣ ያውም ጋቢ አልብሰው። ይህ ነው አማች ማክበር።"

አያችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የለም ካልን፣ ለአማቾቻችን ያመጣነውን ስጦታ በእልልታ መሐል ነጠቅናቸው ማለት ነው። አዎ ካልን ደግሞ ቢላው መጣ።

ቢላው መጣ። አንዱ ክራባቱን ፈትቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ሌላው፣ በዲቪ መጥቶ ኮምፒውተር ኩባንያ የገባ ኢንጂነር፣ ትልቅ ቢላ በአንድ እጁ፣ ስልክ በሌላ እጁ ይዞ ቆዳ አገፋፈፍ ቪዲዮ ያያል። "ጓሮ ይሻላል ወይስ ጋራዥ? ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል" እየተባባሉ ወሰዷት። እሷ ዞራ አየችኝ።

"ጀማል፣ ተናገር" አልኩት።

"አንተ ተናገር። ፍየል አዋቂው አንተ ነህ።"

ከሰል ላምጣ ብዬ የምጠፋበት ሰዓት ነበር። እግሬም ለምዶ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ግን ሁለት ቀን ጭኔ ላይ ያሞቅኋት ፍየል ናት። ሮጬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁና የሙሽራውን አያት፣ ሐጂ ይማምን፣ ከሂተሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተንበረከክሁ።

"ሐጂ፣ ያቺ ፍየል አትታረድም።"

"ለምን? ገዝታችኋት የለም እንዴ?"

"የለም።"

"ተሰጥታችሁ ነው?"

"የለም።"

"ታዲያ በምን መጣች?"

"በርዷት ነበር" አልኩ። ከዚያ ቦዩን፣ ሽቦውን፣ ሂተሩን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሐጂ ሰሙኝና፣ "ያልገዛኸውን የሰው ፍየል ልታበላኝ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"እኔማ እንዳይበሏት ነው የሮጥኩት።"

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ ጓሮ ወጡ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ቢላ የያዙት ሁሉ ቀጥ አሉ።

"ስሙኝ" አሉ። "አማቾቻችን ሥጋ አይደለም ያመጡልን። እንግዳ ነው ያመጡልን። ከሞት የተረፈች እንግዳ፣ ባለቤቷ የሚፈልጋት፣ የሰው ሐቅ። የሰው ሐቅ ደግሞ በኔ ግቢ አይታረድም። ቢላችሁን አስገቡ።"

ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ፣ ከመጀመሪያውም በለጠ። ሐጂ ጎንበስ ብለው ጋቢውን ከራሷ ላይ ፈታ አደረጉት።

"ይህ ጆሮዋ ላይ ያለውስ?"

"የክትባት ምልክት ነው" አልኩ በሙሉ ልብ።

ሐያት የሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ መጣችና አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። "አንክል ሰይድ፣ ኢትስ ኤ ፎን ነምበር።"

ስልክ ቁጥሩ ጆሮዋ ላይ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ። ጀማል ለማሽን ኮል ሲያደርግ የዋለበት ጠዋት፣ የበላችው ሦስት ገጽ፣ ኬኩ፣ ቢላው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዘይነባ ብቻ በቀስታ "ክትባት" አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስሜ እሱ ነው።

ጆሮዋ ላይ ባለው ስልክ ቁጥር ደወልን። ከሰዓት በኋላ ሊንዳ የምትባል ሰባ ዓመት የሞላት የምትመስል ሴትዮ የጭቃ ቡትስ ጫማ አድርጋ፣ ትንሽ የከብት ተሳቢ እየጎተተች ደረሰች። ግቢው ተሸበረ፤ ቢላው ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። ኢንጂነሩ ብልጥ ነኝ ብሎ ያንን የማረጃ ቢላ አንሥቶ ኬኩን መቁረጥ ጀመረ። ሙሽሮቹ ገና አልቆረጡትም።

ሊንዳ ማንንም አላየችም። ጭቃው ላይ ተንበርክካ "ግሬስ" ብላ ጠራቻት። ፍየሏ ጋቢዋን እየጎተተች ሮጣ አንገቷ ውስጥ ገባች። እንደ ሰው ነው የተቃቀፉት።

ሐጂ ሳትበላ አትሄድም አሉ። አስቀመጥናት፣ ትሪ ቀረበ። ሁለት ጉርሻ ከጎረሰች በኋላ "ይህ ምንድን ነው?" አለች። ከሐላል ሥጋ ቤት የተገዛ የፍየል ሥጋ ነው። ማን ይንገራት? ሁሉም ወደ ፍየል አዋቂው ዞረ። እኔ ሳል ያዘኝ።

"ጎት ነው፣ አይደል?" አለች ሊንዳ። "ጥሩ ነው። ትንሽ ጊዜ እሳቱ ላይ ቢቆይ ግን ይሻል ነበር።"

ለካ ሴትዮዋ ፍየል የምታረባው ለሥጋ ቤቶች ልትሸጥ ነው። የሙሽራው አጎት እዚያው ለአረፋ ቀጠሮ ያዘ። "ይቺን ግን አልሸጥም" አለች፣ የግሬስን ጥቁር ጆሮ እያሻሸች። "ባሌ የሞተ ክረምት ከአልጋ የምነሣው እሷን ለመመገብ ብቻ ነበር።"

ልትሄድ ስትል ጋቢውን ዳሰሰችው፣ ዓይኗ ሞላ፣ "ይህን እናንተ ነው የሠራችሁት? ለሷ?" አለችና አቀፈችኝ። ስጦታ መስሏታል። እኔ ሐያትን አየሁ፣ የጋቢው ባለቤት እሷ ናት። ሐያት ሳቋን አፍና ራሷን ነቀነቀችልኝ፦ ይሂድ። ዝናቡም አላባራም ነበር። ግሬስ የሉባባን የአንድ ዓመት ፈትል ለብሳ ተሳቢው ላይ ወጣች፣ አንድ ጊዜም ዞራ አላየችኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ብዙም አላስታውሳቸውም። ድልድይ አሳዩኝ፣ ባሕር አሳዩኝ። እኔ የማስበው ለሉባባ የምለውን ነው። አውሮፕላን ላይ አራት ዓይነት ውሸት አዘጋጀሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ አራቱም ጠፉብኝ። በሚስ ሩት ካፖርት ውስጥ ቆሜ እውነቱን ሁሉ ነገርኳት፣ ሊንዳ የላከችልንን ፎቶም አሳየኋት። ግሬስ ጎተራ ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተኝታ፣ ጋቢው እስከ አንገቷ።

ሉባባ ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው። በጣቷ ፎቶውን እያሰፋች የጋቢውን ጥለት መረመረች።

"ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ አለ አላልከኝም? የሐያት?"

"አለ።"

"ታዲያ ደግ አደረግህ። እኔ የፈተልኩት ለሚበርደው ነው።" ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ጓዳ ስትገባ ከበሩ ዞረች። "ለዘንድሮ አረፋ ግን ገበያ የምሄደው እኔ ነኝ። አንተን ከላክሁህ ጋቢ አልብሰህ እንግዳ ታመጣብኛለህ።"